ሌሊት ሰላጣውን የሚበላው ማን ነው? የቀንድ አውጣ ችግርና መፍትሄ

ክረምት ሲገባ ጓሮው ውስጥ አትክልት ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ማታ ደህና የነበረው ሰላጣ ጠዋት ተበሳስቶ ይገኛል። ቆስጣውም እንደዚያው። ብዙ ሰው ወዲያው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጉ። በላተኛውን በዓይናችሁ እዩት። ቀን የሚውልበትንም ቦታ አግኙት። ይህን ያደረገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ቀንድ አውጣ ስል ዛጎል ያለውንም የሌለውንም ማለቴ ነው። የጓሮ ጉዳታቸውም መፍትሄያቸውም ያው ነው።

ቅጠሉ ተበሳስቷል፣ ግን ቀን ምንም አይታይም

ቀንድ አውጣ ገላው ቶሎ ስለሚደርቅ ፀሐይ አይችልም። ቀን ተደብቆ ይውልና ሲመሽ ይወጣል። ቅጠሉን የሚፍቀው ጥቃቅን ጥርሶች ባሉት ምላሱ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ቅርጽ የለውም። አንዳንዱ መሃል ላይ፣ አንዳንዱ ዳር ላይ ነው።

ጠዋት በማለዳ ቅጠሉንና አፈሩን ወደ ብርሃን አጋድላችሁ ተመልከቱ። የደረቀ፣ የሚያብረቀርቅ የልጋግ መስመር ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። ሌሊት ዘንቦ ከሆነ ግን ልጋጉ ይታጠባል። ያኔ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዞ መውጣት ነው። የቅጠሉን ጀርባ እየገለበጣችሁ እዩ፤ እዚያው ተለጥፎ ሲበላ ታገኙታላችሁ።

ልጋግ ከሌለና ቅጠሉ ላይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ኩስ ካለ አባጨጓሬ ነው። ጎመንና ጥቅል ጎመን ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ቅጠሉ ተቦጭቆ ከተቀደደ ደግሞ የጎረቤት ዶሮ ወይም ወፍ ጠርጥሩ።

ቀንድ አውጣ መሆኑን ካረጋገጣችሁ እዚያው በጓንት ለቅማችሁ ፈሳሽ ሳሙና የገባበት ውሃ ያለው ባልዲ ውስጥ ጨምሩት። ሥራው ደስ አይልም። ግን ከዚህ የተሻለ ፈጣን ውጤት የሚሰጥ ነገር አላውቅም። ቁጥራቸው እስኪቀንስ ድረስ በተከታታይ ማታ ማታ መልቀም ያስፈልጋል።

ችግኙ አንገቱ ላይ ተቆርጧል

እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። ችግኙ ተቆርጦ አጠገቡ ከወደቀ ብዙውን ጊዜ ቆራጭ ትል ነው። ግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር በጣታችሁ ትንሽ ጫር ጫር አድርጉ። ተጠቅልሎ የተኛ ወፍራም ትል ታገኛላችሁ። ቀንድ አውጣ ከሆነ ግን ለጋውን ችግኝ ሙልጭ አድርጎ በልቶ ጉቶውን ብቻ ይተወዋል፤ ልጋጉም አይጠፋም።

ለሁለቱም የሚሆን ቀላል ዘዴ አለ። የሃይላንድ ጠርሙስ ላይና ታቹን ቆርጣችሁ እንደ ቀለበት ችግኙ ላይ አጥልቁት፣ ከዚያ አፈር ውስጥ ጫን አድርጉት። ከማጥለቃችሁ በፊት ውስጡ የተደበቀ ነገር እንደሌለ እዩ። ችግኙንም ጠንከር እስኪል የችግኝ መደብ ላይ አቆይታችሁ አዛውሩት። ትልቅ ችግኝ ቢበላም ይተርፋል።

በየማታው እየለቀምኩ አላልቅ አለ

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የማያልቀው መራቢያውና ማደሪያው ስላልተነካ ነው።

ቀንድ አውጣ ወንድም ሴትም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እንቁላል መጣል ይችላል። እንቁላሉን እርጥብ አፈር ውስጥ፣ ድንጋይና ጣውላ ሥር በአንድ ላይ ክምር አድርጎ ይጥላል። ትንንሽ፣ ክብ፣ ነጣ ያለ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። አፈር ስትቆፍሩ ካገኛችሁ የማዳበሪያ እንክብል መስሏችሁ እንዳታልፉት፤ ጨፍልቁት ወይም ፀሐይ ላይ በትኑት።

ማደሪያውን ለማግኘት ግቢውን ቀን ላይ ዙሩ። ለአንድ ቀን ሥራ ተብሎ መጥቶ ለዓመታት የተቀመጠ ብሎኬት፣ የቆርቆሮ ክምር፣ የአበባ ማሰሮ ሥር፣ የማዳበሪያ ከረጢትና የጎማ መትከያ ውስጠኛው ጠርዝ፣ አጥር ሥር የበቀለ ሣር፣ የእንሰት ወይም የሙዝ ቅጠል ብብት፣ እነዚህን አንድ በአንድ ግለጡ። ከመደቡ አጠገብ ያለውን ዕቃ አንሱ፤ ሣሩን እጨዱ። የበሰበሰ የታችኛውን ቅጠል ልቀሙ። አፈሩን በሣር ጉዝጓዝ የምትሸፍኑ ከሆነ በዋናው ክረምት ከችግኙ ራቅ አድርጉት።

ሁሉንም ማጽዳት አይቻልም። ስለዚህ እናንተ ራሳችሁ መደበቂያ ስጡት። አንድ ጣውላ በትንንሽ ጠጠሮች ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ መደቡ ዳር አስቀምጡ። ወይም እርጥብ ጆንያ አንጥፉ። የተጨመቀ ብርቱካን ልጣጭ ቢደፋም ይሆናል። ሲነጋ ግልብጥ አድርጋችሁ ልቀሙ። ማንሳቱን ከረሳችሁት ግን ቤት ሠራችሁለት ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት ማታ ውሃ ማጠጣት ነው። በበጋ ሁሉም ነገር ሲደርቅ የእናንተ መደብ ብቻ ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ካደረ የሰፈሩ ቀንድ አውጣ ወዴት ይሄዳል? ጠዋት አጠጡ፣ እስኪመሽ ላዩ ይደርቃል።

ዛጎል ያለው በበጋ የዛጎሉን አፍ በደረቀ ልጋግ ደፍኖ ዝናብ ይጠብቃል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ግንቦት አካባቢ፣ ባዶ መደቦችን ቆፍሮ መገልበጥ ትልቅ ጥቅም አለው። እንቁላሉ ለፀሐይና ለወፍ ይጋለጣል።

አመድም የእንቁላል ቅርፊትም አድርጌ አልሠራም

አመድ ደረቅ እያለ ያግደዋል። አንድ ዝናብ ሲመታው ግን አለቀ። የእንቁላል ቅርፊትም ቢሆን ተስፋ አይጣልበትም። የእንግሊዙ የአትክልተኞች ማኅበር፣ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ፣ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የእንቁላል ቅርፊት፣ የመዳብ ቴፕ፣ ጠጠርና ሌሎች መከላከያዎችን ሰላጣ ላይ ሞክሮ ምንም ካልተደረገለት ሰላጣ የተሻለ ውጤት አላገኘም።

ጨው ቀንድ አውጣውን ይገድላል፤ አፈራችሁንም አብሮ ያበላሻል። በረኪናም እንዲሁ። ሁለቱንም ከመደብ አርቁ።

እንዶድ የሚያነሱም አሉ፣ ምክንያትም አላቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው በውሃ ቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያን በእንዶድ ስለመከላከል ማጥናት የጀመሩት። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ያ የውሃ ቀንድ አውጣ ነው፤ የሚኖርበት ውሃ ሲመረዝ ማምለጫ የለውም። የጓሮው ግን አፈር ውስጥ ይሸሸጋል። በዚያ ላይ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ለጓሮ አልመክረውም።

የቢራ ወጥመዱ ባዶ ሆነ

ቀንድ አውጣን የሚስበው የእርሾው ሽታ ነው። ዝናብ ከገባበት ወይም ከቆየ አይሠራም። በየሁለት ቀኑ ቀይሩት፤ ላዩን በሆነ ነገር ከዝናብ ጋርዱት። ቢራ ውድ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ላይ ስኳርና የዳቦ እርሾ በጥብጡ። የጣሳው ከንፈር ከአፈሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ አለዚያ ቀንድ አውጣ የሚበሉ ጠቃሚ ጥንዚዛዎችም ይገቡበታል። ሽታው ሩቅ ስለማይሄድ አንድ ጣሳ ለጓሮ ሁሉ አይበቃም።

መድኃኒት ረጭቼ የሞተ ቀንድ አውጣ አላየሁም

መጀመሪያ ምን እንደገዛችሁ መለያው ላይ አንብቡ። አይረን ፎስፌት የሚባለው እንክብል ከሆነ የሞተ አለማየታችሁ ትክክል ነው። ቀንድ አውጣው ከበላው በኋላ ምግብ ያቆማል፣ ሄዶ ተደብቆ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ውጤቱን የምታዩት በአዲሱ ቅጠል ነው። ሳሳ አድርጋችሁ በትኑት እንጂ አትከምሩት።

ሜታልዴሃይድ የሚል ካለበት እባካችሁ ተዉት። እንክብሉ በእህል የተሠራ ስለሆነ ውሻ ይበላዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞታል። ሕፃን ባለበት ግቢም አደጋ ነው። ብሪታንያ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከቤት ውጭ እንዳይረጭ ከልክላለች።

ቀንድ አውጣ የሄደበትን ሰላጣ መብላት ይቻላል?

የጓሮ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ አያስተላልፍም። ሆኖም አንዳንዱ ከአይጥ የሚያገኘው፣ ለሰው አንጎል አደገኛ የሆነ ጥገኛ ትል ሊሸከም ይችላል። በባዶ እጅ ከነካችሁት በሳሙና ታጠቡ። ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ለያይታችሁ በሚፈስ ውሃ እጠቡ፤ ትንንሾቹ የሚደበቁት ከውስጠኛው ቅጠል ሥር ነው። በጣም የተጎዳውን ጣሉት። ጎመንና ቆስጣ ከሆነ ደህና አድርጋችሁ አብስሉት።