ማተሚያቸው የዞረ አሮጌ ሳንቲሞችን እንዴት ለይቶ መሰብሰብ ይቻላል

ሳንቲም የሚታተመው በሁለት የብረት ቅርጾች መካከል ነው፤ አንዱ የፊቱን፣ ሌላው የጀርባውን ምስል ይዞ በመካከላቸው የገባውን ልሙጥ ክብ ብረት በከፍተኛ ኃይል ይጫኑታል። ከሁለቱ አንዱ ማሰሪያው ላልቶ ከዞረ፣ ወይም ሲገጠም በተሳሳተ አቅጣጫ ከተቀመጠ፣ ዘውዱና ጎፈሩ ሊኖራቸው የሚገባው ዝምድና ይዛባል። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ሲታይ ግን ምንም እንከን አይታይበትም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ሳንቲም ማንም ሳያስተውለው ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ይችላል።

የመጀመሪያው ሥራ ትክክለኛውን አቀማመጥ ማወቅ ነው፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ሳንቲሙን ፊቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ከላይና ከታች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙትና እንደ በር ወደ ጎን አዙሩት። የዩሮ ሳንቲም ከሆነ ጀርባውም ቀጥ ብሎ ይታያል፤ የአሜሪካ ሳንቲም ከሆነ ግን ጀርባው ተዘቅዝቆ ይታያል፤ ይህም ስሕተት ሳይሆን የአገሩ ደንብ ነው። ደንቡ በአንድ አገር ውስጥም በዘመን ይለያያል፤ የዛሬዎቹ የእንግሊዝ ሳንቲሞች በሁለቱም ገጽ ቀጥ ያሉ ሲሆኑ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ የመጀመሪያ ዘመናት የታተሙት ብዙዎቹ ተዘቅዝቀው የሚታዩ ናቸው። ስለዚህ የአንድን አገር ሳንቲም ደንብ በሌላው መለካት አይገባም። የአገራችንን ለማጥናት በ1969 ዓ.ም. የወጣውን፣ ደጋ አጋዘን ያለበትን ባለ 10 ሳንቲም አሥር ያህል ሰብስባችሁ በዚሁ መንገድ ብታዞሩ፣ አብዛኞቹ የሚስማሙበት አቀማመጥ መለኪያችሁ ይሆናል። በእጅ መዶሻ የተመቱ ጥንታዊ ሳንቲሞች ከዚህ ውጭ ናቸው፤ የላይኛው ቅርጽ በእጅ ይያዝ ስለነበር በብዙዎቹ ላይ ቋሚ አቅጣጫ አይጠበቅም፣ የዞረውም እንደ ስሕተት አይቆጠርም።

ቀጥሎ የዞረበትን መጠን መለካት ያስፈልጋል። ሳንቲሙን በሁለት በኩል በሚያሳይ ፕላስቲክ ውስጥ አስገብታችሁ፣ የፊቱን ምስል ቀጥ አድርጋችሁ ጫፉን በፕላስቲኩ ላይ በቀጭን መስመር ምልክት አድርጉ። ከዚያ ፕላስቲኩን ወደ ጎን ገልብጣችሁ፣ የጀርባው ምስል ከሚጠበቅበት አቅጣጫ ምን ያህል እንዳዘነበለ በፕሮትራክተር አንብቡ። ፕሮትራክተር ከሌለ የሰዓት ፊት በወረቀት ላይ መሣል ይበቃል፤ እያንዳንዱ ሰዓት 30 ዲግሪ ነው። በማስታወሻችሁ ላይ «45 ዲግሪ ወደ ቀኝ» እንደሚባለው መጠኑንም አቅጣጫውንም ጻፉ፤ አቅጣጫው ካልተጻፈ ልኬቱ ግማሽ ነው። ጥቂት ዲግሪ የሚዘነብሉ ሳንቲሞች በየማተሚያ ቤቱ የተለመዱ ስለሆኑ፣ ብዙ ሰብሳቢዎች ከ15 ዲግሪ በታች ያለውን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። በተቃራኒው ጫፍ ያለው ሙሉ የ180 ዲግሪ መገልበጥ ነው፤ ለአሜሪካ ምክር ቤት ሁለት መቶኛ ዓመት መታሰቢያ በ1989 እ.ኤ.አ. በዴንቨር ከታተመው የብር ዶላር ጥቂቶቹ እንዲህ ሆነው ወጥተዋል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማጭበርበርን መርምሩ። ሁለት ሳንቲም ተፍቆ ግማሽ በግማሽ ሊጣበቅ ስለሚችል፣ ጠርዙን በማጉያ መነጽር ዙሪያውን እያያችሁ የስፌት መስመር ፈልጉ። እንደ አዲሱ አንድ ብር ባለ ሁለት ብረት በሆነው ላይ ደግሞ መሐሉ ተፈልቅቆ ዞሮ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የመሐሉ ምስል በሁለቱም ገጽ ከዙሪያው ቀለበት ጋር አይገጥምም፤ እውነተኛው ስሕተት ግን በየገጹ ፍጹም ነው። የምኒልክ ብር ከሆነ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ መደበኛ ክብደቱ 28.075 ግራም ነው፣ እጅግ ካላለቀ በቀር ከዚህ ብዙ መራቅ የለበትም። ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የተሠሩ የሐሰት ሳንቲሞች ሁለት ገጻቸው እምብዛም ስለማይገጥም፣ የዞረ አሮጌ ብር ሲገኝ ከደስታ አስቀድሞ ጥርጣሬ ይሻላል።

አያያዙ አጭር ነው፦ አትጠቡት፣ አታብሱት፣ ጠርዙን ብቻ ያዙ። እርጥበት በሌለበት ቦታ፣ ለሳንቲም በተሠራ ማቀፊያ አስቀምጡት። ዋጋውን በተመለከተ በተራ ሳንቲም ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ በብርቅ ሳንቲም ላይና በከፍተኛ ዲግሪ ግን ልዩነቱ ይሰማል።

ለእኔ ከሁሉ የሚስበው መንገድ አንድ ዓይነት ሳንቲም ብቻ መርጦ መከተል ነው። የላላ ቅርጽ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ስለሚዞር፣ ከአንድ ጥንድ ቅርጽ የወጡ ሳንቲሞች 20፣ 40፣ 70 ዲግሪ እያሉ ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህን ለማዛመድ በሁለቱ ገጾች ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጭረቶችና ስንጥቆች በማጉያ አነጻጽሩ፤ ተመሳሳይ ጭረት የያዙት ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸውና በዲግሪያቸው ቅደም ተከተል ደርድሯቸው።