ከጥምቀት ማግስት የሚመጣ ድብርት፦ የከተማ ዳር ነዋሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር 12 ቀን ሚካኤል ከገባ በኋላ የአዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ጭር ይላል። ከገና ጀምሮ ሰው ሲገባ ሲወጣ የከረመበት ቤት ባንዴ ባዶ ይሆናል። ከክፍለ ሀገር የመጣው በጠዋት መናኸሪያ ይሸኛል፣ ከውጭ የመጣው ቦሌ። ያኔ የሚይዘን ድብርት ስንፍና አይደለም፤ በራሱ ጊዜም ይለቃል። የሚያከርመው ብዙ ጊዜ የእኛው አያያዝ ነው።

ሰው ናፍቆን ሳለ በር መዝጋት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። መሀል ከተማ የሚኖር ሰው በዓል ቢያልፍም እህቱን ቅዳሜ ያገኛታል። ዳር የሚኖረው ግን ዘመድ የሚያየው በበዓል ነው። ከፒያሳና ከካሳንቺስ ተነስተው ወደ ዳር የገቡትን ጠይቋቸው፤ የድሮ ጎረቤት የሚገናኘው ወይ ለበዓል ወይ ለለቅሶ ነው። ሲሄዱ ሰልፍና ሁለት ሦስት ታክሲ፣ ሲመለሱ ደግሞ መሽቶ ታክሲ ማጣት አለ። እና ዶሮ ወጡና ጭፈራው የናፈቀን ይመስለናል እንጂ የናፈቀን ሰው ነው። ይህን ሳንለይ «ደክሞኛል» ብለን በር እንዘጋለን፣ አልጋ ላይ ጋደም ብለን የጥምቀት ቪዲዮ ደጋግመን እናያለን።

ቀጣዩን በዓል እንጠብቅ ካልን ፋሲካ ሩቅ ነው፤ ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው። የሚሻለው ትንሿን ነገር ቀን ቆርጦላት መያዝ ነው። «አንድ ቀን እንገናኝ» የተባለ ሰው አይመጣም፤ «የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ጋ ቡና» የተባለ ይመጣል። ደግሞም ሩቅ መሄድ ሁልጊዜ አያስፈልግም። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቤት ብዙ ጊዜ የጎረቤት ሰሃን አይጠፋም፦ ለበዓል ድፎ ዳቦ ተደርጎበት የመጣ፣ ታጥቦ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ። ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ ቆሎ ይደረግበትና ይንኳኳል።

«እትዬ፣ ሰሃንዎን ላደርስ ነው።»

«ግቢ ልጄ፣ ገና አቦል ነው።»

ከዚያ በኋላ ቶሎ መውጣት የሚቻል ከመሰላችሁ ኮንዶሚኒየም ኖራችሁ አታውቁም።

የተረፈውን ጠላና አረቄ «ለማርከሻ» እያሉ መጨረስ

መጠጥ ለጊዜው ያፍታታል፤ ሥራው ግን አእምሮን ማደንዘዝ ነው። ቶሎ እንቅልፍ ያስይዝና ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። በነጋታው ሰውየው ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰዋል፣ ያንን ለማባረርም ቡና ይደራርባል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ብቻ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣው ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና ሥራ ላይ ነው። (ቅድም የጎረቤት ቡና ብያለሁ፤ ጠዋት ወይም ከምሳ በኋላ ይሁን ማለቴ ነው።)

የመጋረጃ እንቅልፍ

ሰሞኑን ያመሸሁትን ላካክስ ብሎ ቅዳሜና እሁድ እስከ ስድስት ሰዓት የሚተኛ አለ። እሁድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ሰኞ ደግሞ ሳይነጋ ሰርቪስ መጠበቅ አለበት፤ ከዳር ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በበይነ መረብ የሚዘዋወረው ምክር ስለ ጨለማና ስለ መብራት ብዙ ያወራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ ቀኑ ሲያጥር የሚመጣውን ድብርት ከጻፉ ወዲህ በደማቅ መብራት ፊት መቀመጥ የታወቀ ሕክምና ሆኗል። ለእነሱ አገር ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በጥር ፀሐይ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች፣ ሰማዩም አብዛኛውን ቀን ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ መብራት መግዛት አያሻንም፤ መጋረጃውን ገልጦ፣ ነፋሱና አቧራው ሳይነሳ፣ ግማሽ ሰዓት መራመድ ነው። የሱሉልታ ሰው ማለዳ ልምምድ ከሚወጡት አትሌቶች ኋላ ኋላ ማዝገም ይችላል፤ ቅደም ያለው የለም።

ሂሳቡን አለማየት

የበጉ፣ የቅርጫው፣ የልጆቹ ልብስ ገንዘብ ወጥቷል፤ የጥር ደመወዝ ገና ነው። ዕዳውን ላለማሰብ መሞከር ሌሊት ሌሊት እንዲታሰብ ያደርገዋል። ለማን ስንት እንዳለባችሁ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። እቁብ ካላችሁ ተራ የሚለዋወጣችሁ ሰው እንዳለ ዳኛውን ጠይቁ። ሌላ ብድር ከዚያ በኋላ ይታሰባል፤ ባይታሰብ ደግሞ ይሻላል።

ሠርግ ማሳደድ

ጥር የሠርግ ወር ነውና የበዓሉን ስሜት በሠርግ ለማስቀጠል የሚሮጥ አለ። የቅርብ ሰው ሠርግ አይቀርም፤ የሌላው ስጦታና ትራንስፖርት ግን ከላይ ያለችውን ወረቀት ያስረዝማል።

ሁሉንም «የበዓል ድብርት ነው» ብሎ ማለፍ

እናቷ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያውን ገና ያሳለፈች ሴት የያዛት ሐዘን ነው። «በዓል እኮ አለፈ፣ በርቺ» ማለት አይረዳትም፤ ስለ እናቷ ማውራት ከፈለገች አብሮ ማውራት ይረዳታል።

ሌላው ደግሞ ጊዜው ነው። የበዓል ድብርት በቀናት ውስጥ ይቀላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ቀኑን አብዛኛውን ጊዜ፣ ከከፋችሁ፣ ደስ ይላችሁ የነበረው ነገር ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ ሕክምና ያስፈልጋል። መጀመሪያ የአካባቢያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እነሱ ሪፈር ይጽፋሉ። አማኑኤል ሆስፒታልን ሁሉም ያውቀዋል፤ በኮተቤ በኩል ላላችሁ ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱ አይጣሉም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር የለም፦ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ሰዓት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።