የእሁዱ ማስታወቂያ ወረቀት፦ ለአዲስ አዘጋጅ የሚሆን ምክር

በትንሽ ከተማ ያለች ሉተራን ማኅበረ ምዕመናን "የሳምንቱን ማስታወቂያ ያዝልን" ካለችህ ወይም ካለችሽ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዜና አብሳሪ አልሆናችሁም። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ የማን ልጅ እንደታጨች ከተማው ከእሁድ በፊት ሰምቶ ጨርሷል። ችግሩ ሁሉም በየራሱ መንገድ መስማቱ ነው። ሰኞ ዕለት ደረጃ ላይ አዳለጣቸው የተባሉ አዛውንት፣ ረቡዕ እግራቸው ተሰብሯል ይባላል። ዓርብ ሆስፒታል ገብተዋል። ቅዳሜ ማታ አንዱ ደውሎ "ቀብሩ መቼ ነው?" ይላል። ሰውየው ቤታቸው ቁጭ ብለው ሬዲዮ እየሰሙ ነው።

እንግዲህ የወረቀቱ ሥራ ወሬን መቅደም አይደለም። አትቀድሙትም፣ አትልፉ። ሥራው ልኩን ማስቀመጥ ነው። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም (አጭር የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፍ) "በሐሰት አትመስክር" የሚለውን ትእዛዝ ሲያብራራ፣ ባልንጀራን አለማማት ብቻ አይበቃም ይላል። ስለ እሱ መልካም መናገርና ነገሩን ሁሉ በበጎ መተርጎምም አለበት። በእኛ በሉተራውያን አቆጣጠር ይህ ስምንተኛው ትእዛዝ ነው። ለእኔ የማስታወቂያ አዘጋጅ መተዳደሪያ ደንብ እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

ሰኞ ስልክ የመደወያ ቀን ነው። ለቄሱ፣ ለመዘምራን መሪ፣ ለሴቶች ኅብረት፣ ለወጣቶች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዋ ደውሉ። "የሚነገር ነገር አለ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ "የለም" ነው። "በዚህ ሳምንት የት፣ መቼ ትገናኛላችሁ? የተለወጠ ነገር አለ?" በሉ። ያኔ ይወጣል።

የመቀበያ ሰዓታችሁ ረቡዕ ማታ ይሁን፤ ለሁሉም ንገሩ። ለማንኛውም ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ "አንዲት ነገር ረስቼ" የሚል መልእክት የሚልክ ሽማግሌ አይጠፋም። በየማኅበረ ምዕመናኑ አንድ አለ፤ የተመደበ ይመስለኛል። ለእሱ የሚሆን ሕግ ይህ ነው፦ ሰው ከሞተ ወይም አምልኮው የሚጀመርበት ሰዓት ከተቀየረ ወረቀቱ ይቀየራል። ሌላው በቃል ይነገራል፣ ወይም ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆያል። አንዴ እሺ ካላችሁት ረቡዕ የሚባል ቀን ይቀራል።

የወረቀቱ ራስ ላይ የእሁዱ ስም ይጻፋል። የቤተ ክርስቲያን ዓመት የሚጀምረው ከገና በፊት ካሉት አራት እሁዶች በመጀመሪያው፣ በአድቬንት ነው። ከስሙ ጎን ቀለሙን ጻፉ፤ መሠዊያውን የሚያለብሱት ሰዎች ወረቀቱን አይተው ነው ጨርቁን የሚያወጡት። በአድቬንት ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ፣ በገናና በፋሲካ ነጭ፣ በጰንጠቆስጤና ሉተር የጀመረው ተሐድሶ በሚታሰብበት ቀን ቀይ ነው። ከጰንጠቆስጤ በኋላ ያሉት ረጅም ወራት አረንጓዴ ናቸው። የተሐድሶው ቀን ኦክቶበር 31 ነው፤ ብዙ ቦታ ግን በዚያ ቀን ወይም ከሱ በፊት ባለው እሁድ ይከበራል። የትኛው እንደሆነ ቄሱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማኅበረ ምዕመናናችሁ የሦስት ዓመት የንባብ ሥርዓት የምትከተል ከሆነ፣ የዘንድሮው ወንጌል የማን እንደሆነ በቀላሉ ታውቃላችሁ። የፈረንጁን ዓመት ለ3 አካፍሉት። ምንም ካልተረፈ የሉቃስ ዓመት ነው። 1 ከተረፈ የማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ የማርቆስ። አድቬንት ከገባ በኋላ ግን የሚመጣውን ዓመት ቁጥር ውሰዱ። ዮሐንስ የራሱ ዓመት የለውም፤ በፋሲካ ዙሪያ ይነበባል፣ ማርቆስ አጭር ስለሆነም ክፍተቱን ይሞላለታል። በማርቆስ ዓመት አምስት እሁድ በተከታታይ ከዮሐንስ 6 ይነበባል። አምስት ሳምንት ስለ ሕይወት እንጀራ መስበክ ቀላል አይደለም፤ ያን ሰሞን ቄሱ የስብከቱን ርእስ ቢያዘገዩባችሁ ታገሧቸው።

መዝሙር ላይ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ። የመጀመሪያውን ስንኝም ጨምሩ፤ የመጽሐፉ እትም ይለያይና ግማሹ ሌላ መዝሙር ገልጦ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1524 የወጣው የመጀመሪያው የሉተራን መዝሙር መጽሐፍ ስምንት መዝሙር ብቻ ነበረው። የዚያን ጊዜ አዘጋጅ ምንኛ ታደለ!

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፦ የሰው ስም።

በጸሎት ዝርዝሩ ውስጥ ማንም ሳይጠየቅ አይገባም። የሚጠየቀውም ታማሚው ነው። ልጁ "አዎ ጻፉት" ቢልና እናቲቱ ባትፈልግ፣ የእናቲቱ ቃል ይጸናል። የበሽታውን ስም አትጻፉ፣ ታማሚው ራሱ "ጻፉት" ካላለ በስተቀር። "ስለ ጤናዋ እንጸልይ" በቂ ነው፤ እግዚአብሔር ዝርዝሩን ያውቃል፣ ጎረቤት ደግሞ ማወቅ የለበትም። ሁለት ሰዎች አንድ ስም ካላቸው የአባት ስም ጨምሩ። ይህን ካልጨመራችሁ ጤነኛዋ ሴትዮ ሳምንቱን ሙሉ "እንዴት ሆንሽ?" ስትባል ትከርማለች።

ስም ከዝርዝሩ መውጣቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዝም ብሎ የጠፋ ስም ሰውን ያስደነግጣል፦ "ሞተች እንዴ?" ስለዚህ በየአራት ሳምንቱ ደውሉና "ስምዎ ይቆይ ወይስ እናውጣው?" በሉ። የተሻለው ሰው "ስለ ጸሎታችሁ አመሰግናለሁ" የሚል አንድ መስመር እንዲጻፍለት ከፈለገ ጻፉለት። በእኔ ግምት ከወረቀቱ ሁሉ በጣም የሚነበበው እሱ መስመር ነው። ብዙ አዛውንቶች ለዓመታት ዝርዝሩ ውስጥ ይቆያሉ፤ ይቆዩ። ለአንዳንዱ ከቤት ለማይወጣ ሰው፣ በየሳምንቱ ስሙ ሲነበብ ከጉባኤው አልተቆረጠም ማለት ነው።

ሞት ሲሆን ከቤተሰቡ አፍ ሳትሰሙ አንድ ፊደል አትጻፉ። ከተማው ሁሉ ቢያውቅም አትጻፉ። ስሙን ፊደል በፊደል አረጋግጡ። የቀብሩን ሰዓት ከቤተሰቡም ከቄሱም ጠይቁ፤ የሁለቱ መልስ ካልገጠመ እስኪገጥም ጠብቁ። አጻጻፉ አጭር ይሁን፦ "እህታችን ወይዘሮ እገሊት ማክሰኞ ዕለት በጌታ አርፈዋል። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት እዚሁ ይፈጸማል። ለቤተሰባቸው መጽናናትን እንለምናለን።" የሕይወት ታሪክ የወረቀቱ ሥራ አይደለም፤ እሱ በቀብሩ ላይ ይነበባል።

ለሟቾች አንድ ደብተር ለዩ። በፕሩሺያ ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም ሦስተኛ እ.ኤ.አ. በ1816 ከአድቬንት በፊት ያለው የመጨረሻ እሁድ የሙታን መታሰቢያ እንዲሆን ካዘዘ ወዲህ፣ በጀርመን ሉተራውያን ዘንድ በዚያ እሁድ የዓመቱ ሟቾች ስም ይነበባል። ሌሎች ዘንድ ይህ የሚደረገው በኖቬምበር መጀመሪያ፣ በቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ ነው። የትኛውንም ብትከተሉ ቀኑ ሲደርስ "ዘንድሮ እነማን ነበሩ?" ብሎ በትዝታ መልቀም ክፉ ነገር ነው። በጥር የሞተውን ሰው በኖቬምበር የሚረሳው ብዙ ነው፤ ባለቤቱ ግን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የስሙን መጠራት ትጠብቃለች። ደብተሩ ላይ በየጊዜው ጻፉ።

ጋብቻን በተመለከተ ማስታወቂያው የቆየ ሥርዓት ነው። ሉተር በዚያው በ1529 ለቄሶች ባዘጋጀው የጋብቻ መመሪያ፣ የሁለቱ ስም ከመድረክ እንዲነገር፣ ተቃውሞ ያለው በጊዜ እንዲናገር፣ ያለዚያ ከዚያ በኋላ ዝም እንዲል ያዛል። ይህን የምትጠብቁም ሆነ የተዋችሁ፣ ጥንዶቹ ሁለቱም ራሳቸው ካላረጋገጡላችሁ አታትሙ። የሙሽራዋ እናት ብቻ የነገረቻችሁ ሠርግ ገና ሠርግ አይደለም።

ምን ይገባል፣ ምን ይቀራል? እዚህም ካቴኪዝሙ ይረዳል። "የዕለት እንጀራችንን" የሚለውን ልመና ሲያብራራ ሉተር ምግብና ልብስ ብሎ አያቆምም። ቤትን፣ እርሻን፣ ከብትን፣ መልካም አስተዳደርን፣ ጥሩ የአየር ጠባይን፣ ሰላምን፣ ጤናን፣ ታማኝ ጎረቤትን ሁሉ ይቆጥራል። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያመጣው ድልድይ ለጥገና ከተዘጋ ይጻፍ። ጎርፍ ያፈናቀለው ቤተሰብ መጠለያ የሚፈልግ ከሆነ ይጻፍ። የሽማግሌው መኪና ለሽያጭ መቅረቡና የእገሌ የምርጫ ቅስቀሳ ግን ይቅሩ። "አንድ መስመር ብቻ" ይሏችኋል። ያቺ መስመር ከገባች ሌላውን በምን አፋችሁ ትከለክላላችሁ?

ገንዘብ ላይ አጭር እሆናለሁ። ያለፈው እሁድ የመባው ድምር፣ ለምን እንደሚውል፤ በቃ። የሰጪ ስም አይጻፍም። የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ካለ ደግሞ ደንባችሁ ስንት ቀን አስቀድሞ ይነገር እንደሚል አንብቡ፤ በጊዜው ያልተነገረ ስብሰባ ውሳኔው ሊፈርስ ይችላል።

አጻጻፍ ላይ ሦስት ጠላቶች አሉ፦ "እንደሚታወቀው"፣ "በተለመደው ሰዓት"፣ "በተለመደው ቦታ"። ትንሽ ከተማ ስለሆነ ሁሉም ያውቃል ብለን እናስባለን። ባለፈው ወር በሥራ ዝውውር የመጣችው ነርስ አታውቅም። ከሃያ ዓመት በኋላ የተመለሰው ልጅ አያውቅም። እነሱ ደግሞ አይጠይቁም፤ ዝም ብለው ይቀራሉ። እስቲ ይህን እዩ፦ "እንደሚታወቀው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በተለመደው ሰዓት ይቀጥላል።" አሁን ደግሞ ይህን፦ "የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ክፍል። ሉቃስ 15ን እናጠናለን። መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ አለ፤ ምዝገባ አያስፈልግም።" ሁለተኛው ላይ አዲስ ሰው በሩን አግኝቶ ይገባል። የአገልጋዮችንም ስም እንዲሁ አድርጉ። "ለጋሼ ንገሩ" አይባልም፤ የትኛው ጋሼ?

ቅዱስ ቁርባን ያለበት እሁድ ከሆነ በግልጽ ጻፉ፤ ማን እንደሚቀበልና ለልጆች ምን እንደሚደረግ ከቄሱ ጋር የተስማማችሁበትን አንድ ሁለት መስመር ጨምሩ። እንግዳ ሰው በዚያ ሰዓት ልነሣ ልቀመጥ እያለ መጨነቅ የለበትም።

ዓርብ ረቂቁን ለቄሱና ለሌላ አንድ ሰው ላኩ። ያ ሌላው ሰው ስብሰባ ላይ የማይገኝ ቢሆን ይመረጣል። እሱ ያልገባው ነገር ለሌላውም አይገባም። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፤ ወረቀቱን ከስልክ ይልቅ የሚፈልጉት ዓይናቸው የደከመ ናቸው።

በቴሌግራም ስትልኩት የጸሎት ዝርዝሩን አውጡ። ወረቀት የሚደርሰው እዚያ ለተገኘው ሰው ነው፤ ቴሌግራም ግን ማን ጋ እንደሚደርስ አታውቁም። የልጆች ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይለጠፍም። "የእገሌ ቤተሰብ ለሁለት ሳምንት ተጉዟል" የሚልም እንዳታወጡ፤ ለሌባ የቤት አድራሻ እንደመስጠት ነው።

እሁድ በቃል የሚነበበው ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። ሁሉን አታንብቡ፤ ሰው ማንበብ ይችላል። የዛሬና የነገ የሆነውን፣ የተለወጠውን፣ የሞተውንና የተወለደውን ንገሩ። ስሙን ከማንበባችሁ በፊት አጠራሩን ለብቻችሁ ተለማመዱ። ቄሱ ማስታወቂያውን ከአምልኮው በፊት ይወዱት እንደሆነ ወይስ በመጨረሻ፣ እሱ የእሳቸው ነው። እኔን ብትጠይቁኝ በፊት ይሻላል። ሰው ከቡራኬ በኋላ ስለ ወንበር ማመላለሻ መስማት አይፈልግም።

ስሕተት ከወጣ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይታረም። ትክክለኛውን ብቻ ጻፉ፤ ማን እንዳሳሳተ አትጻፉ። ከየሳምንቱ ወረቀት ሁለት ቅጂ አስቀሩ፣ አንዱን በቤተ ክርስቲያኑ ፋይል፣ ሌላውን በሌላ ቤት። ራሱ ላይ ቀንና ወር ብቻ ሳይሆን ዓመተ ምሕረቱም ይኑር። አንድ ቀን የጥምቀት ማስረጃዋ የጠፋባት ሴት መጥታ ፋይሉን ስትጠይቅ፣ "ሦስተኛ የአድቬንት እሁድ" ብቻ የሚል ወረቀት አይጠቅማትም።