ጭንና መቀመጫ ላይ ጎድጎድ የሚል ቆዳ፦ መንስኤውና መፍትሄው

ምልክቱ። ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ጭን፣ ዳሌና መቀመጫ ላይ ይበዛል። ቆንጠጥ ስታደርጊው ይጎላል፣ ስትተኚ ይደበዝዛል። አያምም፣ አያሳክክም። ሴሉላይት ይባላል። አትደንግጪ እህቴ፣ በሽታ አይደለም። ለአቅመ ሔዋን ከደረሱ 10 ሴቶች በግምት 8ቱ ወይም 9ኙ ላይ በተለያየ መጠን ይታያል።

መንስኤው። ቆዳችንን ከታች ካለው አካል ጋር የሚያያይዙ ጠንካራ ክሮች አሉ። ሴቶች ላይ ክሮቹ በአብዛኛው ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። ስቡ በመሃላቸው ወደ ላይ ይገፋል፣ እነሱ ደግሞ ቆዳውን ወደ ታች ይይዙታል። ፍራሽ ስፌቱ ጋ ጎድጎድ እንደሚለው ማለት ነው። የወንዶቹ ተጠላልፈው ስለሚሄዱ ስቡን አፍነው ይይዙታል። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን፣ የቤተሰብ ዘርና ዕድሜም አስተዋጽኦ አላቸው። ቀጭን ሴትም አይቀርላትም። «የተጠራቀመ መርዝ ነው» የሚባለው ግን ውሸት ነው፤ ሆድ በሚያጥብ ሻይ አይወጣም።

የቡና አተላስ? ጅማ ላይ ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ አተላውን በዘይት ለውሶ ጭን ማሸት የተለመደ ምክር ነው። በቀስታ ከታሸ አይጎዳም፣ ቆዳውንም ያለሰልሳል። በማግስቱ ግን ጉድጓዱ እዚያው ነው። ክሮቹ ያሉት ከቆዳው ስር ነዋ!

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገበያ ላይ የሚሸጠው፣ ይዘቱ በውል ያልተጻፈበት ክሬም ነው። አንዳንዱ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ መቀባት ያለበት የቆዳ መቆጣት ማብረጃ መድኃኒት አለ። ስቴሮይድ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል። ቆዳ ሲሳሳ ደግሞ ሴሉላይቱ ይብሱን ይወጣል። ዕቃው ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል የስቴሮይድ ስም ካየሽ መልሺው። ለረጅም ጊዜ ከተቀባሽ ደግሞ በድንገት ከማቆምሽ በፊት የቆዳ ሐኪም አማክሪ።

የሚያግዘው። ጡንቻ ማጠንከር። ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሥሪ፣ ጅማ ከሆንሽ ወደ ጅሬን የሚወስደውን ዳገት በእግርሽ ውጪ። አይጠፋም፣ ግን ከስር ያለው ጡንቻ ሲጠነክር ቆዳው ወጠር ይላል። 0.3 በመቶ ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ያለው ክሬም ለ6 ወር ያህል ሲቀቡት መጠነኛ ለውጥ ያመጣል፤ እርጉዝ ከሆንሽ ግን አትንኪው። ክብደት መቀነስ ካለብሽ ቀስ በቀስ ይሁን። ስብ በቱቦ ማስመጠጥ ለዚህ አይሆንም፣ ሊያባብሰውም ይችላል። ክሮቹን ከቆዳ ስር በመርፌ መቁረጥ ይሠራል፣ ግን የሠለጠነ ሐኪም ይፈልጋል።

ሴሉላይት ካልሆነስ? ሁለቱም እግር እኩል ወፍሮ፣ ሲነኩት የሚያም፣ በቀላሉ የሚበልዝ፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ግን ያልወፈረ ከሆነ ሊፔዴማ የሚባል፣ ስብ እግር ላይ ያለልክ የሚጠራቀምበት ሕመም ሊሆን ይችላል። በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ላይ የሚውል ሰው እብጠቱ ከእግር መዳፍ ከጀመረው ዝሆኔን መጠርጠር ነው፤ በጊዜ ጫማ ማድረግና በየቀኑ መታጠብ ብዙ ይረዳል። አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ትኩሳት ካመጣ ደግሞ ኢንፌክሽን ወይም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ።