የቤቲንግ (የስፖርት ውርርድ) ሱስ የያዘውን ተጫዋች ለመርዳት፦ ለሀዋሳ ቡድን መሪዎችና አምበሎች

ምክሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ የገንዘቡን መንገድ ዝጉ። ከልምምድ በኋላ ለብቻው አስቀምጡትና የሦስት ወር የቴሌብርና የባንክ ዝርዝሩን አብራችሁ እዩ። ወረቀት ላይ የገባና የወጣ ብላችሁ ለዩት። 50፣ 100 ብር እየሆነ የወጣው ሲደመር ደመወዙን በልቶታል፤ እሱ የሚያስታውሰው ግን የበላባትን አንዷን ትኬት ነው።

ደመወዙና የፊርማ ገንዘቡ ከሚስቱ ወይም ከታላቅ ወንድሙ ጋር በጥምር ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ይግባ። ኪሱ የዕለት ወጪ ብቻ ይያዝ። አፑን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ፒያሳ ወርዶ በጥሬ ብር ትኬት ይቆርጣል። ዕዳውን ጠቅልላችሁ አትክፈሉለት (ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው)፤ ሸክሙ ሲቀለው እንደገና ይጀምራል። አበዳሪዎቹን መዝግቡ፣ በየወሩ ለእነሱ በቀጥታ ይከፈል።

ክፉ ሰዓቶቹ ይታወቃሉ፦ ጉዳት ላይ ሲሆን፣ ደመወዝ ሲገባ፣ ቅዳሜ የእንግሊዝ ጨዋታ ሲጀመር። ያኔ ሐይቁ ዳር ይዛችሁት ውጡ።

እግር ኳስ ላይ ትኬት ቆርጦ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የፊፋ የሥነ ምግባር ደንብ ለዚህ ቢያንስ 100,000 የስዊስ ፍራንክ ቅጣትና እስከ 3 ዓመት እገዳ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2023 ጣሊያናዊው ተጫዋች ሳንድሮ ቶናሊ በውርርድ የ18 ወር እገዳ ተፈርዶበት 8ቱ በሕክምናና ወጣቶችን በማስተማር ተተክቶለታል። ስለዚህ ሳይያዝ ይናገር።

«ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን ሂሳቡን ተዉትና በዚያው ዕለት ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አድርሱት።