ሊዝሞር ለደረሳችሁ ሐበሾች

አየርላንድ ደርሳችሁ ዎተርፎርድ ካውንቲ ሊዝሞር ቤት ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ ቀን «ከተማው የታለ?» ማለታችሁ አይቀርም። ይቺው ናት። ነዋሪዋ 1,400 እንኳን አይሞላም፤ ስለዚህ ቶሎ ትታወቃላችሁ፣ እናንተም ብታውቋቸው ይሻላል። ለትልቅ ገበያ ዱንጋርቫን ነው የሚኬደው፣ የአውቶቡሱን ሰዓት ሳታዩ ከቤት አትውጡ። መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ!

አሁን ወደ ወሬው። ከተማዋ የተነሳችው በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ካርታግ ከመሠረተው ገዳም ነው። ከብላክዋተር ወንዝ በላይ የምታዩት ቤተ መንግሥት በ1185 ተጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የዴቮንሺየር መስፍን ቤት ስለሆነ ዘው ብሎ አይገባም፣ የአትክልት ስፍራውን ግን በወቅቱ ትኬት ቆርጣችሁ ታዩታላችሁ። ኬሚስትሪ ላይ «የቦይል ሕግ» ብላችሁ የሸመደዳችሁለት ሮበርት ቦይል እዚያ ነው በ1627 የተወለደው። የዳንሰኛው የፍሬድ አስቴር እህት አዴልም በ1932 የመስፍኑን ልጅ አግብታ እዚያው ኖራለች። እኔን የሚደንቀኝ ግን ብራናው ነው፦ በ1814 ግንቡ ሲታደስ፣ ተደፍኖ ከኖረ ቦታ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የአይሪሽ ብራና ወጣ። በ2020 ለኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተሰጥቷል።

ለእኛ ለሐበሾች ግን ዋናዋ ሰው የጉዞ ጸሐፊዋ ደርቭላ መርፊ ናት። በ1931 እዚሁ ተወልዳ በ2022 እዚሁ አረፈች። በ1963 በብስክሌት ከአየርላንድ ሕንድ ድረስ ነዳች፤ እሱ አልበቃ ብሏት በ1966 መጨረሻ ምጽዋ ወረደችና መንገዱን በከፊል ጆክ የምትለውን በቅሎ ይዛ፣ አብዛኛውን በእግሯ፣ የስሜን ተራሮችን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላን አቆራርጣ አዲስ አበባ ገባች። ያኔ ሴት ብቻዋን! የእኛ ሰው ራሱ አይሞክረውም።

ስለዚህ ጎረቤት ከየት እንደመጣችሁ ሲጠይቅ ኢትዮጵያን ጥሩ፣ የደርቭላ ስም ሊነሳ ይችላል። ሽፍታ እንደዘረፋት ቢነግሯችሁም አትቆጡ፤ እሷው ጽፋዋለች፣ ቤቱ ያሳደራትን ባላገርም እንዲሁ። ስለዚህ ጉዞ የጻፈችው መጽሐፍ «In Ethiopia with a Mule» በ1968 ነው የወጣው፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አባልነት ደግሞ በነጻ ነውና ሄዳችሁ ጠይቁ። ጁን ላይ የጉዞ ጸሐፊዎች ፌስቲቫል አለ፤ ያኔ ከተማዋ ትሞላለች፣ ዘመድ ልትጋብዙ ካሰባችሁ ማደሪያውን ቀደም ብላችሁ ያዙ።