ጅቡን ትቶ ሣር የሚያነሣው ካሜራዬ
ጎንደር፣ ከአንገረብ ወንዝ በላይ ባለው ጓሯችን ሌሊት የሚጮኸውን ጅብ ለማየት እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሣ ትንሽ የዱር እንስሳት ካሜራ ወይራ ግንድ ላይ አሰርኩ። በ2 ቀን 1,400 ፎቶ አነሣ፤ ሁሉም ሣር! ባትሪውም አለቀ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ካሜራውን የሚያስነሣው ዳሳሽ (እንቅስቃሴ የሚለየው ክፍል) የሚነቃው ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞርኩት የጠዋት ፀሐይ ያሞቀው ሣር በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ያነሣል። ወደ ሰሜን መለስኩት፣ ሣሩን በማጭድ አጨድኩ፣ በጉልበት ከፍታ አሰርኩት። የሌሊቱ ፎቶ ግን ነጭ ብቻ ሆነ። ለካ አንዲት የወይራ ቅጠል ከፊቱ ተንጠልጥላ ካሜራው በጨለማ ለማንሣት የሚጠቀምበትን ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን መልሳ ትረጭበት ኖሯል። ቀነጠስኳት።

ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጅቡ መጣ፤ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ በአፉ የጠፋብኝን የግራ እግር ጫማ የያዘ።